ኪካ ይታያል፣ ሱፐር አርቲኤል ተቆልፏል፦ ሣጥን ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ፍራንክፈርት በኪራይ ቤት ነው። ልጆቼ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው። ቀድሞ ቴሌቪዥኑ ከግድግዳው ኬብል ይሠራ ነበር፤ በ2024 አጋማሽ ላይ ጠፋ። ጎረቤታችን ባለ 80 ሴንቲሜትር ዲሽ ሰጥቶን በረንዳ ላይ አቆምነው። የልጆች ጣቢያው ኪካና ዜድዲኤፍ ጥርት ብለው ይመጣሉ፤ ልጆቹ የሚፈልጉት የዲዝኒው ሱፐር አርቲኤል ግን ተቆልፏል ይላል። በየወሩ 18.36 ዩሮ የቴሌቪዥን እየከፈልን ለምን ይዘጋብናል? አንድ ሰው ሁሉንም ቻናል ዕድሜ ልክ የሚከፍት ሣጥን በ180 ዩሮ ልሽጥላችሁ ብሎናል፤ እንግዛ? ለጀርመንኛቸውስ የትኛው ቻናል ይሻላል? አዲስ አበባ ያለችው እህቴም ጀርመንኛ ለሚማረው ልጇ ይህንኑ በዲሽ ማስገባት ትፈልጋለች።»

ምላሽ፦ ሣጥኑን አይግዙ። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል። መጀመሪያ ግን ዲሹም ቴሌቪዥኑም እንዳልተበላሹ ይወቁ። ኪካና ዜድዲኤፍ ጥርት ብለው ከመጡ ዲሹ አስትራ 19.2 ዲግሪ ምሥራቅ የተባለውን ሳተላይት ይዟል፤ ሱፐር አርቲኤልም የሚወርደው ከዚያው ነው። የገጠመዎት ችግር ግማሹ የገንዘብ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ከሪሞቱ ጋር ትንሽ በመታገል የሚፈታ ነው።

ከገንዘቡ እንጀምር። ጀርመኖቹ ሩንድፉንክባይትራግ የሚሉት 18.36 ዩሮ ቻናል የሚያስከፍት የአገልግሎት ዋጋ አይደለም። በሕግ የተጣለ መዋጮ ነው፤ በአንድ ቤት አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው ኖረ ስድስት፣ ቴሌቪዥን ኖረም አልኖረም። ገንዘቡ የሚሄደው ለሕዝብ ማሰራጫዎቹ ማለትም ለኤአርዲ፣ ለዜድዲኤፍና ለዶይችላንድራዲዮ ነው። ኪካ የኤአርዲና የዜድዲኤፍ የጋራ ጣቢያ ስለሆነ የሚተዳደረው ከዚሁ መዋጮ ነው፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) መቀመጫውን ኤርፉርት አድርጎ ያለ ምንም ማስታወቂያ ያሰራጫል። ሱፐር አርቲኤል ግን የግል ጣቢያ ነው። ከመዋጮው አንድ ሳንቲም አይደርሰውም፤ የሚኖረው በማስታወቂያና በክፍያ ነው። ስለዚህ መዋጮውን መክፈልዎ ሱፐር አርቲኤልን የማየት መብት አይሰጥዎትም፤ ሱፐር አርቲኤልን አለማየትዎም ከመዋጮው አያስቀርዎትም። «ዲሹን ነቅለናልና አንከፍልም» ብለው ዝም የሚሉ ቤተሰቦች የሚያገኙት የቅጣት ጭማሪ ያለበት ደብዳቤ ብቻ ነው። ነጻ የሚወጣው በማመልከቻ ነው፦ መሠረታዊ የኑሮ ድጎማ (ቡርገርጌልድ)፣ የጥገኝነት ጠያቂ ድጎማ፣ ወይም ከወላጅ ተለይቶ እየኖረ የትምህርት ድጎማ የሚቀበል ሰው የድጎማውን ደብዳቤ አያይዞ ይጠይቃል። ሁኔታው ቀድሞም የነበረ ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ሊታሰብለት ይችላል።

የግድግዳው ኬብልም አልተበጠሰም። እስከ ጁን 30 ቀን 2024 ድረስ አከራዮች የኬብል ቴሌቪዥኑን ክፍያ ከውሃና ከቆሻሻ ጋር በቤቱ ተጨማሪ ወጪ ውስጥ አስገብተው ለተከራዩ ሁሉ ያካፍሉ ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሕጉ ይህን ከለከለ። የራሱን ውል ያልፈረመ ቤት መስመሩ ተዘጋበት። በእርስዎ ቤት የሆነውም ይህ መሆኑን ከዘመኑ መገመት ይቻላል።

ሱፐር አርቲኤል «የዲዝኒው» የሚለው ደግሞ ጊዜ ያለፈበት ነው፤ ስህተቱ ግን ከምንም የመጣ አይደለም። ጣቢያው ኤፕሪል 28 ቀን 1995 ኮሎኝ ውስጥ ሲጀምር ግማሹ የአርቲኤል፣ ግማሹ የዲዝኒ ነበር፤ ለዓመታት የዲዝኒ ካርቱን የሚታየውም እዚያ ነበር። ዲዝኒ በጃንዋሪ 17 ቀን 2014 የራሱን ዲዝኒ ቻናል ለሁሉም ክፍት አድርጎ ሲያስጀምር ፊልሞቹን ወደዚያ ወሰደ፤ በ2021 ደግሞ የሱፐር አርቲኤል ድርሻውን ለአርቲኤል ሸጦ ወጣ። ስለዚህ ልጆችዎ የሚፈልጉት የዲዝኒ ገጸ ባሕርያትን ከሆነ የሚከፈተው ዲዝኒ ቻናል ነው። ቶጎ በሚል ስም ቀን ቀን የሚተላለፉትን የሱፐር አርቲኤል ካርቱኖች ከሆነ ግን ጣቢያውን በትክክል ይዘውታል። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ልጆቹን የገጸ ባሕርዩን ስም ይጠይቋቸው።

አሁን ወደ ቁልፉ። በአስትራ ላይ የግል ጣቢያዎቹ በሁለት መልክ ይተላለፋሉ። አንደኛው ኤችዲ፣ ማለትም ጥርት ያለው ምስል ነው፤ ይህ ኤችዲ ፕላስ በሚባል የክፍያ አገልግሎት የተመሰጠረ ሲሆን ከ2009 ጀምሮ ያለ ነው። ሁለተኛው የድሮው ኤስዲ፣ ማለትም ጥራቱ ዝቅ ያለው ምስል ነው፤ ይህ ያለ ካርድ ይታያል። ቴሌቪዥንዎ ላይ «ተቆልፏል» የሚለው የመጀመሪያው ነው። የሕዝብ ጣቢያዎቹ መንገድ የተገላቢጦሽ ነው፦ ኤችዲያቸውን ለሁሉም ክፍት አድርገው ኤስዲውን አጠፉት፤ ኤአርዲ በጃንዋሪ 7 ቀን 2025፣ ዜድዲኤፍ ኪካን ጨምሮ በኖቬምበር 18 ቀን 2025። ለዚህ ነው ኤስዲ ብቻ የሚያነብ አሮጌ ሪሲቨር ያለው ቤት ሱፐር አርቲኤል እያየ ኪካ የሚጠፋበት፣ እርስዎ ደግሞ በተቃራኒው የሆኑት። የግሎቹ ኤስዲ ክፍት መሆን የቸርነት ጉዳይ አይደለም፤ ማስታወቂያ የሚሸጠው በተመልካች ብዛት ስለሆነ ነው። ስሌቱ የተለወጠ ዕለት ሊዘጉት ይችላሉና በእሱ ላይ ተማምነው አዲስ ዕቃ አይግዙበት፤ ያለዎትን ዲሽ ግን ይጠቀሙበት።

ኤስዲው ለምን በዝርዝርዎ ውስጥ የለም? ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥኑ መጀመሪያ ሲከፈት «አቅራቢ ይምረጡ» ብሎ ሲጠይቅ ኤችዲ ፕላስ ስለሚመረጥ ነው። ያኔ ዝግጁ ዝርዝር ይጫናል፤ የተመሰጠሩት ኤችዲዎች ከፊት ይሰለፋሉ፣ ኤስዲዎቹ ወይ ከብዙ መቶ ቁጥር በኋላ ይወረወራሉ ወይ ጭራሽ አይገቡም። የሚደረገው ይህ ነው። የቻናል ፍለጋውን ይክፈቱ፣ ሳተላይት አስትራ 19.2 ይምረጡ፣ አቅራቢ ሲል «ምንም» ወይም «ሌላ» ይበሉ፣ ከዚያ «ነጻ ቻናሎች ብቻ» የሚለውን አብርተው ሙሉ ፍለጋ ያስጀምሩ። አሥር ደቂቃ ገደማ ሊወስድ ይችላል፤ መሃል ላይ አያቋርጡት። ሲያልቅ ከስሙ ኋላ ኤችዲ የሚል የሌለበት ሱፐር አርቲኤል ይገኛል። ከጎኑ የኦስትሪያ ወይም የስዊዘርላንድ ምልክት ያለበት ተመሳሳይ ስም ካዩ አይደናገሩ፤ በዋናነት የሚለየው ማስታወቂያው ነው። ቶጎ ፕላስ የሚለውንም ይያዙት፦ በ2016 የተጀመረ ሲሆን የሱፐር አርቲኤልን የልጆች ፕሮግራም አንድ ሰዓት አዘግይቶ ይደግማል፤ ከትምህርት ቤት ዘግይቶ ለሚገባ ልጅ ይመቻል።

ሙሉ ፍለጋው ካላመጣው በእጅ ፍለጋ ፍሪኩዌንሲ 12188፣ ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 27500 ያስገቡ። እዚያ ላይ የሲግናል ጥራቱ ዜሮ ከሆነ ችግሩ የዝርዝር አይደለም፣ የዕቃ ነው፤ የትኛው ዕቃ እንደሆነ ደግሞ ሳይወጡ ሳይወርዱ ከሶፋው ላይ ማወቅ ይቻላል። ኪካ ኤችዲ የሚመጣው በ11347 ቨርቲካል፣ ዜድዲኤፍ ኤችዲ በ11362 ሆሪዞንታል ነው። ሁለቱም ከ11700 በታች ናቸው፤ ዝቅተኛው ባንድ እንለዋለን። ሱፐር አርቲኤል ኤስዲ ያለው በከፍተኛው ባንድ ነው። ቴሌቪዥኑ ዲሹ አፍ ላይ ያለውን ኤልኤንቢ (ከሳተላይቱ የመጣውን ሞገድ የሚቀበለውን ራስ) የሚያዝዘው በኬብሉ በሚልከው ኤሌክትሪክ ነው፦ 13 ወይም 14 ቮልት ሲልክ ቨርቲካል፣ 18 ቮልት ሲልክ ሆሪዞንታል፤ በላዩ ላይ የ22 ኪሎኸርዝ ምልክት ሲጨምርበት ከፍተኛው ባንድ ይከፈታል። ዜድዲኤፍ ከመጣ 18 ቮልቱ በደህና ይደርሳል ማለት ነው። የጠፋው 22 ኪሎኸርዙ ነው። ኬብሉ ረዝሞ ወይም አርጅቶ ነው እንዳይባል ደግሞ፣ ኤልኤንቢው ኪካን ወደ 1597፣ ሱፐር አርቲኤልን ወደ 1588 ሜጋኸርዝ ቀይሮ ነው በኬብሉ የሚያወርዳቸው፤ አንዱን በደህና ያሳለፈ ኬብል ሌላውንም ያሳልፋል። ይህን የማያውቅ ጫኚ መጀመሪያ የሚያስለውጥዎ ኬብሉን ነው፣ የሚያስከፍልዎም ለሱ ነው።

ስለዚህ በቅደም ተከተል፦ በቴሌቪዥኑ የሳተላይት ቅንብር ውስጥ ኤልኤንቢ «ዩኒቨርሳል»፣ ማለትም 9750 እና 10600 መሆኑን ይዩ። 22 ኪሎኸርዝ የሚለው «አውቶ» ላይ ይሁን፤ «ጠፍቷል» ላይ ከተቀመጠ ችግሩን አገኙት። ጎረቤትዎ ቀድሞ ሁለት ሳተላይት ያይበት ከነበረ ዲሹ ጀርባ ላይ ዳይሴክ ስዊች (ሁለቱን ሳተላይቶች የሚያፈራርቅ ትንሽ ዕቃ) ተረስቶ ሊሆን ይችላል፤ ይንቀሉትና ኬብሉን በቀጥታ ከኤልኤንቢው ያገናኙ። ሌላ ሳተላይት ለማየት ስዊቹን የሚፈልጉት ከሆነ ግን በቴሌቪዥኑ ውስጥ አስትራ ከስዊቹ በየትኛው ቀዳዳ እንደገባ በትክክል መመዝገብ አለበት። ይህ ሁሉ ካልሠራ ኤልኤንቢውን ይቀይሩ፤ ለአንድ ቴሌቪዥን የሚሆን ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ ከ10 እስከ 20 ዩሮ ነው። የሚነቅሉም የሚያገናኙም ቴሌቪዥኑን ከሶኬት አውጥተው ነው፤ አለበለዚያ በኬብሉ ላይ ያለው ቮልት የኬብሉ መሃል ሽቦ ዙሪያውን ከከበበው የሽቦ መረብ (ጋሻው) ጋር ሲነካካ የቴሌቪዥኑን የሳተላይት መግቢያ ሊያቃጥል ይችላል። ኬብሉን ቆርጠው ራስ ሲያስሩለት የመዳቡ መሃል ከራሱ ጫፍ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ብቻ ወጣ ይበል፤ ከጋሻው ሽቦ አንዲት ጭረት እንኳ ወደ መሃል ተጠምዝዛ እንዳትቀር። የዚህች ጭረት ጉዳይ የሚናቅ ይመስላል፤ ሁሉም ቻናል በአንድ ጊዜ ሲጠፋ መጀመሪያ የምትፈተሸው ግን እሷ ናት።

በዲሹ አቀማመጥ ላይ ብዙ አልቆይም። ከፍራንክፈርት አስትራ የሚገኘው ከትክክለኛው ደቡብ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘወር ብሎ፣ በኮምፓስ 166 ዲግሪ ገደማ፣ ከአድማስ 32 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። 60 ሴንቲሜትር ይበቃ ነበር፤ 80ው በዝናብ ጊዜ ትርፍ ይሰጥዎታል። በረንዳው ላይ በከባድ ድንጋይ የቆመ ከሆነና ግድግዳ ካልተበሳ ከአከራይ ጋር የሚያጣላ ነገር ያነሰ ነው፤ መብሳት ካሰቡ ግን አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። የውጭ ተወላጅ ተከራይ ከአገሩ የሚመጣ ስርጭት የማየት ጥቅሙ ከባለቤቱ መብት ጋር መመዘን እንዳለበት የፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1994 ወስኗል። «መመዘን» ነው እንጂ ፍርዱ ሁልጊዜ ለተከራዩ ነው ማለት አይደለም፤ ለጀርመን ካርቱን ሲባልማ ይህ ክርክር አይሠራም። ከጣሪያው ጠርዝ ቢያንስ 2 ሜትር ዝቅ ያለና ከግድግዳው ከ1.5 ሜትር በላይ ወጣ ያላለ ዲሽ የመብረቅ መሬት ሽቦ አይጠየቅበትም፤ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

ኤስዲው ብዥታው ካስቸገረዎት ክፍያው ምን ይመስላል? የኤስዲ ምስል 576 መስመር ብቻ ስላለው በትልቅ ስክሪን ላይ ይደበዝዛል፤ ለካርቱን ግን ልጆች ቅሬታ ሲያሰሙ አይታይም። ኤችዲ ፕላስ በወር ከ10 ዩሮ በታች ነው። ካርዱ ከነሞጁሉ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ጎን ባለው ቀዳዳ ይገባል፤ አንዳንድ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ያለ ካርድም በመተግበሪያ ይከፍቱታል። ማወቅ ያለብዎ ገደብ አለው፦ የግል ጣቢያዎቹ በኤችዲ ሲቀዱ ማስታወቂያውን መዝለል ይከለክላሉ፣ የተቀዳውንም በጊዜ ይገድባሉ። ልጆቹ የሚያዩትን ቀድቶ ማስታወቂያውን ለማሳለፍ ያሰበ ወላጅ በክፍያው የሚያገኘው ኤስዲው ከሚሰጠው ያነሰ ነው፤ ኤስዲ ሲቀዳ ይህ ቁልፍ የለበትም።

ወደ ኬብል መመለስም ይቻላል፣ በራስዎ ስም ውል ፈርመው። እዚህ ላይ ከሕጉ ለውጥ ወዲህ በር እያንኳኩ «የሚዲያ አማካሪ ነኝ፣ ዛሬ ካልፈረሙ ቴሌቪዥንዎ ይጠፋል» ከሚሉ ሻጮች ይጠንቀቁ። ዲሽ ላለው ቤት ምንም የሚጠፋ የለም። በር ላይ የተፈረመ ውል በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይጠቀስ በጽሑፍ ይሰረዛል፤ ከዚያ ካለፈ ግን የመጀመሪያው ዘመን እስከ 24 ወር ሊይዝዎት ይችላል። የቤት ውስጥ አንቴና ሌላው መንገድ ነው፦ ከ15 እስከ 30 ዩሮ የሚሸጥ ትንሽ አንቴና ፍራንክፈርት ላይ ኪካንና ሌሎቹን የሕዝብ ጣቢያዎች በነጻ ያመጣል፣ ቴሌቪዥኑ አዲሱን ዲቪቢ ቲ 2 ኤችዲ የሚያነብ ከሆነ። ከ2016 በፊት የተሠራ አብዛኛው አያነብም። የግሎቹ ግን በአንቴናም በክፍያ የተመሰጠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ዲሽ ላለው ሰው አንቴናው የሚጨምርለት ነገር የለም፣ ለልጆች ክፍል ሁለተኛ ቴሌቪዥን ካልሆነ በቀር። ኢንተርኔት ላላችሁ ደግሞ የኪካ መተግበሪያ ነጻና ከማስታወቂያ የጸዳ ነው፤ የቶጎው መተግበሪያ ብዙ ክፍሎችን በነጻ፣ ከማስታወቂያ ጋር ያሳያል። ልጆቹ የሚፈልጉት ሁለት ሦስት ካርቱን ብቻ ከሆነ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል፣ ዲሹንም መነካካት አያስፈልግም።

አሁን ስለ ሣጥኑ። «ዕድሜ ልክ» የሚባለው ዕድሜ የእርስዎ ሳይሆን የሰርቨሩ ነው። እነዚህ ሣጥኖች ቻናሎቹን የሚያመጡት ካልተፈቀደላቸው ሰዎች በኢንተርኔት ነው፤ ሰርቨሩ ሲዘጋ ወይም አድራሻው ሲቀየር በእጅዎ የሚቀረው ባዶ ፕላስቲክ ነው፣ 180 ዩሮውን በእጅ የሚቀበለው ሰውም ደረሰኝ አይሰጥዎትም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2017 እንዲህ ያለውን ሣጥን መሸጥ የቅጂ መብት መጣስ እንደሆነ ወስኗል፤ ምንጩ ሕገወጥ መሆኑን እያወቀ የሚያይም ነጻ እንዳልሆነ በዚያው ገልጿል። በዚያ ላይ ማን እንደጫነው የማይታወቅ ሶፍትዌር ያለበትን ዕቃ ባንክዎን ከሚከፍቱበት ስልክ ጋር በአንድ ዋይፋይ ላይ ማስገባት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው ገንዘብ ሕጋዊውን ኤችዲ ፕላስ ከአንድ ዓመት በላይ ይከፍሉበታል። የሚፈልጉት ጣቢያ ደግሞ በነጻ ዲሽዎ ላይ እየወረደ ነው።

ለጀርመንኛው ከሆነ ምርጫው ከባድ አይደለም፤ ኪካ ይቅደም። ሱፐር አርቲኤል ላይ ቀን ቀን የሚታየው አብዛኛው ከሌላ ቋንቋ በጀርመንኛ ድምፅ የተተካ ካርቱን ነው። ንግግሩ ንጹሕና ግልጽ ነው፣ ጆሮ ያሠለጥናል፤ ነገር ግን ፈጣንና ቀልድ የበዛበት ስለሆነ ልጁ ሥዕሉን ተከትሎ ስለሚረዳው ቃሉን ሳይዝ ማለፍ ይችላል። ኪካ ላይ ልጆች ለልጆች ነገር የሚያስረዱባቸው ፕሮግራሞች ይበዛሉ። ለ9 ዓመቱ ከምሽቱ 1፡50 ገደማ የሚመጣው የልጆች ዜና፣ ሎጎ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚያስፈልገውን ቃል ነው የሚያስታጥቀው፦ ምርጫ፣ አየር ንብረት፣ ፍርድ ቤት። ለ6 ዓመቱ ዛንድመንሽን አለ፤ በምሥራቅ ጀርመን ከኖቬምበር 22 ቀን 1959 ጀምሮ ልጆችን የሚያስተኛው አሻንጉሊት፣ ከ12፡50 ገደማ። እሁድ ከረፋዱ 5፡30 ላይ ደግሞ ከ1971 ጀምሮ ያለው የአይጧ ፕሮግራም (በጀርመንኛ ማውስ) ይመጣል፤ ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ በዝግታ፣ በአጭር ዓረፍተ ነገር ያሳያል። የሚታወቅበት አንድ ልማድ አለው፦ መግቢያውን በጀርመንኛ ካነበበ በኋላ በሌላ አገር ቋንቋ ይደግመውና የየት አገር ቋንቋ እንደነበር ይናገራል። ማንበብ ለጀመረው ልጅ በሪሞቱ የጀርመንኛ ጽሑፉን ከሥር ያብሩለት፤ የሰማውን ፊደል አይቶ መያዝ ከማንኛውም ካርቱን የበለጠ ይሠራል። የእናንተን አማርኛ በጀርመንኛ ለመተካት ግን ቴሌቪዥኑን ሰበብ አታድርጉት፤ ጀርመንኛውን ትምህርት ቤቱ ይሰጣቸዋል።

ሰዓቱ ላይ ይጠንቀቁ። የጀርመን ፕሮግራም ዝርዝር 20፡15 ሲል በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2፡15 ነው፤ በዚያች ደቂቃ ሱፐር አርቲኤል የልጆች ጣቢያ መሆኑ ያበቃና የአዋቂ ፊልምና ተከታታይ ይጀምራል። ሕጉ ከ16 ዓመት በታች ላሉ የማይሆነውን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ከ18 በታች ላሉ የማይሆነውን ከ5 ሰዓት በኋላ ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ ከ2፡15 እስከ 4 ሰዓት ያለው ግን ለ6 ዓመት ልጅ ይሆናል ማለት አይደለም። ብዙ ቴሌቪዥኖች አንድን ቻናል ከተወሰነ ሰዓት በኋላ በፒን ይቆልፋሉ። ኪካ ላይ ይህ ጣጣ የለም፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ መደበኛው ስርጭት ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሌሊቱን ሙሉ ሲያማርር የሚያድር የዳቦ ገጸ ባሕርይ ነው የጣቢያው መለያ የሆነው። ማስታወቂያውንም ያስቡበት። የልጆች ፕሮግራም መሃል በማስታወቂያ መቋረጥ በጀርመን ሕግ የተከለከለ ነው፤ በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ግን የተፈቀደ ስለሆነ ሱፐር አርቲኤል የሚሞላው እዚያ ነው፣ ከገና በፊት በተለይ በአሻንጉሊት።

እንግዲህ ቁርጡ፦ ዛሬ ነጻ ቻናሎችን ብቻ የሚፈልገውን ፍለጋ ያስጀምሩ፣ ሱፐር አርቲኤል ኤስዲን፣ ቶጎ ፕላስንና ዲዝኒ ቻናልን ከኪካ ቀጥሎ ባሉት ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡ፣ የግሎቹን ከ2 ሰዓት በኋላ በፒን ይዝጉ። ካልመጣ 22 ኪሎኸርዙን፣ ከዚያ ኤልኤንቢውን። የሚያወጡት ገንዘብ ከ20 ዩሮ አይበልጥም። ኤስዲው የተዘጋ ቀን ኤችዲ ፕላስን በየወሩ በሚቋረጥ ውል ይያዙ፤ ከዚያ በፊት አያስፈልግም።

እህትዎ ዲሽ እንዳይገዙበት ይንገሯቸው። አስትራ 19.2 ከአዲስ አበባ ሰማይ ላይ የለም አይባልም፤ እንዲያውም ከአድማስ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው። ጨረሩ ግን ወደ አውሮፓ ነው የሚያነጣጥረው፤ ሦስት ሜትር ዲሽ ቢተከልለትም ሱፐር አርቲኤል ቦሌ ላይ አይወርድም። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚመጡበት ኢትዮሳት ያለው ሌላ ቦታ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ እዚያ የጀርመን የልጆች ጣቢያ አይፈለግም። የሱፐር አርቲኤል የኢንተርኔት ስርጭትም ከጀርመን ውጭ በመብት ምክንያት ይዘጋል። የኪካ መተግበሪያ ግን ለልጁ ይጠቅማል፦ ከውጭ የተገዙት ካርቱኖች ቢዘጉም ጣቢያዎቹ ራሳቸው የሠሩት፣ የአይጧ ፕሮግራምና የልጆቹ ዜና ጭምር፣ አብዛኛው ከአዲስ አበባ ይከፈታል። ዳታው እንዳያልቅ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ፣ ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ማየት ይሻላል። ልጁ ገና ጀማሪ ከሆነ ደግሞ ከዶይቸ ቬለ (ከጀርመን የውጭ አገር ማሰራጫ) ነጻ የጀርመንኛ ትምህርት ይጀምር፤ እሱ አገር አይለይም።